ሦስት የመዶሻ ምት

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? በልጅነትህ ብርድ ሲነካህ ያፍንህ የነበረው ሳል ተወህ ወይስ አብሮህ ተጓዘ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚወራ በሽታ የለብኝም። እህትህ ደህና ናት፤ ይኸው እስክሪብቶ ይዛ ከጎኔ ተቀምጣለች። ባሏ ሾፌሩም ደህና ነው። አውቶቡሱም ደህና ነው፤ ከሁለቱ የትኛው አብዝቶ እንደሚያስል ግን መለየት አቅቶናል። ሰላምታው ይብቃን። ይህን ደብዳቤ የማስጽፈው ልቆጣህ ነው እንጂ ናፍቆቴን ልነግርህ አይደለም።

እህትህ ትንሽ ለስለስ አድርገን ብንጀምረው ምናለበት አባባ ብላኛለች። እኔም የምልሽን ጻፊ፣ ለስላሳ ነገር ካማረሽ ሂጂና ሐር ስፊ ብያታለሁ። ይህንንም ጽፋዋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ነገር ግን እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድና ሲቆም እሰማለሁና አንዲት ቃል ብትዘልብኝ አትደበቅም።

ደብዳቤህ ደርሶናል፤ የሠራኸው የቴሌቪዥን ጨዋታ፣ ጌም ያልከውም ደርሶናል። ፎቶህንም አግኝተናል፤ ፂም አሳድጓል አሉኝ። ፂም ስላበቀለ ጎልማሳ የሆነ ፍየል አላውቅም።

የጻፍከውን እህትህ መጀመሪያ ለራሷ በልቧ አነበበችው፤ ቀጥላ ለእኔ ጮክ ብላ። መሀል ላይ ድምፅዋ ሲደክም ነገር እንዳለ ገባኝ። ብዙ ዓመት የለፋህበት ጌም በቅርቡ በየአገሩ ለሰው ሁሉ ይለቀቃል። በጨለማ ሰማይ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጠፈር መንኮራኩር አለች። ተጫዋቹ እሷን ያበራል፤ ጠላት ከየአቅጣጫው እሳት ያዘንብባታል፤ ያንን ሁሉ ያለፈ እንደ ሆነ የመጨረሻው ጠላት ይመጣል። እዚህ ላይ አባባ፣ የመጨረሻው ጠላት እርስዎ ነዎት ብለህ ጻፍክ። ካልፈቀዱ አወጣዋለሁ፣ ከፈቀዱ ደግሞ መጥቼ ልይዎት አልክ። በአንቱታ ተከብሮ ጠላት የተባለ አባት ከእኔ በፊት ነበረ ቢሉኝ አላምንም።

ለመሆኑ ምን አደረግኩህ? የቆምክበት እግር በዚህ ክንድ ብየዳ የቆመ ነው። የተማርክበትን ትምህርት ቤት የአጥር በር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጓደኞችህ ሲያልፉበት አባቴ ነው የሠራው ብለህ ደረትህን ትነፋ ነበር። ኋላ ሙያውን ንቀህ፣ ሥዕልና ጨዋታ ብለህ፣ አንድ ቀን ቃል ሳትተነፍስ በሩን ከፍተህ ሄድክ። ያን ሰሞን የተባባልነውን አልደግመውም። አንተም አልረሳኸውም፤ ይኸው መልሱ በጥይት መጣ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሾፌሩ ጌሙን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። በዚያ ሁሉ የከተማ ግርግር ግዙፍ አውቶቡስ የሚያሾልክ ሰው ነኝና ይህቺን ትንኝ ማብረር አያቅተኝም ብሎ ነበር የጀመረው። መጫወቻውን እንደ መሪ ጨብጦ፣ መንኮራኩሯ በታጠፈች ቁጥር አብሮ እየታጠፈ፣ ወንበሬን በትከሻው ሲገፋው ዋለ። ወዲያው ሞተ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሞተ። ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ ይላል። ፍሬንማ አለው፣ የጎደለው ሾፌር ነው አልኩት። ሚስቱ ረዳት እንቅጠርልህ ስትለው ጭራሽ ተናደደ። ጨዋታህ ምሕረት የሚባል ነገር አያውቅም። ጣት አንድ ጊዜ ከዘገየ አለቀ፤ ሰውየው ከመጀመሪያው ይነሣል።

እኔ መነፅሬን ሌላ ክፍል ረስቼው ስለነበር እህትህ እንደ ሬዲዮ የኳስ ጋዜጠኛ አጠገቤ ተቀምጣ ትነግረኝ ነበር። ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ግን አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር፤ ጥይቱ ሐምራዊና ወርቅማ ሆኖ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ አንዱ አበባ ሳይረግፍ ሌላው ይደርብበታል፤ መንኮራኩሯ በአበቦቹ መሀል በቀጭን መንገድ ትሾልካለች። ያምራል አባባ፣ አይተው አይጠግቡትም አለችኝ። 

ከዚያ እሱ መጣ፤ የመጨረሻው። እህትህ ሳትነግረኝ በፊት አወቅኩት። መጀመሪያ የሚሰማው እምምታ የድሮው የብየዳ ማሽኔ ድምፅ ነው፤ ሲሞቅ የምትንቀጠቀጠዋ ክዳኑ ሳትቀር አለች። እህትህ ደግሞ ግዙፍ ነው፣ ሁለመናው ብረት ነው፣ በአንድ ትከሻው ያዘነብላል፣ ፊቱ ላይ የብየዳ ጭምብል አለው አለች። ቀጥሎ መዶሻ ብረት ሲመታ ተሰማ። ሦስት ጊዜ። ከሦስተኛው በኋላ ነጭ ብርሃን ሰማዩን ሞላው፤ ሾፌሩም ሞተ። ደግሞ ቢሞክር ደግሞ ሞተ። መዶሻው በተመታ ቁጥር አማቼ ይሞታል።

ያን ዕለት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጭስ የምንለው፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ጭስን ታስታውሰዋለህ፤ ሰው ከጭሱ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው በሳሉ የነበረው። ለቴሌቪዥኑ ደንታ ሳይሰጠው ሻዩን ይዞ ስለ ኩላሊቱ ያወራኛል። መዶሻው ሲመታ ጭስ ከነስኒው ዞሮ ፊቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እኔም ዞሬያለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊታችንን ለግድግዳ ሰጥተን ተገኘን። ሾፌሩ ሳቁ እስኪያፍነው ሳቀብን። ጭስ ግን ሱሪውን እየጠረገ፣ ይህ የማን እጅ እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ ያንተ ነው አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የራሴን መዶሻ ሰው ነገረኝ።

አንተ ረስተኸው ከሆነ እኔ ላስታውስህ። በእኛ ቤት በያጅ እሳቱን ከመጫሩ በፊት መዶሻውን ሦስት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይመታል። በአካባቢዬ ያላችሁ፣ ብርሃን ሊመጣ ነው፣ ፊታችሁን አዙሩ ማለት ነው። ያንን ብርሃን ፊት ለፊት ያየ ሰው ሲመሽ ዓይኑ አሸዋ የሞላበት ይመስለዋል፤ ሲደጋገምበት ደግሞ ሌላ ነው። እንኳን ለልጄ፣ በድንጋይ ልፈነክተው ለምመኘው ሰው እንኳ፣ አጠገቤ ቆሞ ከሆነ፣ ሳልመታ እሳት ጭሬ አላውቅም። ከዓለም ድምፅ ሁሉ መርጠህ ይህንን አነሣህ፤ ሰው የማዳን ድምፄን የሞት ደወል አደረግከው። በዚህ በዚህ ነው የተቆጣሁት።

ሁለተኛው ጥፋትህ ጭምብሉ ነው። እርግጠኛ ሆነህ ፊቴ ላይ ሳልከው። በሱቃችን የነበረው ጭምብል አንድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ብረት በምናስርበት ሞርሳ ሥር በተደፋው ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠህ ልይ፣ ልይ እያልክ ትነዘንዘኝ ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ጭምብሉ የማን ፊት ላይ ነበር? አንገትህ ስለማይችለው በሁለት እጅህ ደግፈህ ትይዘው ነበር። በጥቁር መስታወቱ ውስጥ ብልጭታዋን እያየህ ኮከብ፣ ኮከብ ትል ነበር። ያ እህትህ የምታደንቅልህ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ሰማይ ከሌላ አልመጣም፤ የጭምብሌ መስታወት ነው። ስለዚህ አባቴን በጭምብል አየሁት የምትል ከሆነ ዋሽተሃል። ጭምብሉ አንተ ላይ ነበር። እኔማ የእኔን ተወው፤ እጄ መንገዱን ያውቀዋል።

እንግዲህ መልሴን ስማ። አልፈቅድም። አውጣው። ሰው ሁሉ በየሳሎኑ ተዘርግቶ የሚተኩስበት አባት የለህም። መምጣቱንም ተወው፤ አገር ሁሉ የሚያየው ጠላት ቤት ምን ትሠራለህ? በዚህ ጨርሻለሁ።

* * *

ከላይ ያለውን ያስጻፍኩት ባለፈው ሰኞ ነው። ደብዳቤው እስካሁን ያልተላከው እህትህ ፖስታ ጠፋብኝ ስላለች ነው። መርፌ ጠፍቶባት የማያውቅ ልብስ ሰፊ ፖስታ ጠፋባት። ዛሬ ደግሞ የድሮውን ቀደን አዲስ እንጻፍ ትለኛለች። አይቀደድም ብያታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተቆጣሁትን ተቆጥቻለሁ። ይህን ከሥሩ ቀጥዪበት አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ሙሉ ሳምንት ከጌምህ ጋር እንደ ባላጋራ ተያይዞ ከረመ። ከሥራ ሲመለስ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ይቀመጥና ሲሞት ያመሻል። ትናንት አመሻሽ ላይ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው በመስኮቱ በኩል ተቀምጫለሁ። ተቆጥቼ የለ፣ ልሰማውም አልፈለግኩም። እምምታው ጀመረ። መዶሻው አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ሦስት አለ። እኔ ሳላስበው አፌ ቀደመኝ። ፊትህን አዙር ብዬ ጮህኩበት፤ ድሮ ሱቅ ውስጥ እንደምጮኸው። ሾፌሩ በሕይወቱ የሚታዘዘው ትራፊክ ብቻ ነው፤ ትናንት ግን ምን እንደነካው አላውቅም፣ መንኮራኩሯን አዞራት። ጀርባዋን ለጠላቱ ሰጠች።

ብርሃኑ መጣ። ክፍሉን ሞላው፤ እኔ ጋ እንኳ ደረሰ። ከዚያ አለፈ።

አባባ፣ አልሞተም አለች እህትህ።     አሸነፍከው ወይ አልኩት ባሏን። አይ አባባ፣ አላሸነፍኩትም፣ እሱ ራሱ ጭምብሉን አወለቀ አለ። አውልቆስ? ለእኛ አለበሰን አለኝ። ትንሿን መንኮራኩር ጭምብሉ ዋጣት፤ ስለሚከብዳት እየተንገዳገደች ትይዘዋለች። ሰማዩ ሁሉ ጠፋና አንዲት አረንጓዴ ኮከብ ብቻ ቀረች፤ ቀስ እያለች በጨለማው ላይ መስመር ትሰፋለች።

እሱስ፣ ጠላቱ ምን ሆነ አልኩ። እህትህ ሌላ ሰው የሚሰማ ይመስል አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ ዓይኑን ጨፍኗል አባባ፣ ጨፍኖ ነው የሚሠራው አለችኝ።

አሁን ካለፈው እሑድ ይልቅ ተቆጥቻለሁ። በደንብ ጻፊው ብያታለሁ፣ ይልቅ ተቆጥቻለሁ። ያ ነገር የእኔ ነበር። ለማንም አልነገርኩትም። እናትህ ሲመሽ እርጥብ ጨርቅ ዓይኔ ላይ እየጣለች ምን ነካህ ስትለኝ አቧራ ነው እላት ነበር፤ ነፍስዋን ይማርና አቧራ እንደሆነ አምና ሄደች። ጭስ ሲጠይቀኝ ነፋስ ነው አልኩት። ለአንተ ኮከቡን እይ ብዬ ጭምብሉን የሰጠሁህ፣ ያንን መስታወት አምኜ ነበር። እሳቱ ሳይበራ በዚያ መስታወት የገዛ እጅህን እንኳ አታይም። ሲበራም ከብልጭታዋ አጠገብ ካለው በቀር የሚታይ የለም። እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ፊቴን ወደ እሳቱ አስጠግቼ ነበር የምሠራው። ሳስበው አድሬ አሁን ገባኝ። አንተ ኮከቡን እያየህ አልነበረም። ኮከብ፣ ኮከብ እያልክ የምታየው ፊቴን ነበር።

አይተህ ደግሞ ዝም አልክ። ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ መምጣት ተውክ። ና ብልህ አልመጣም አልክ፤ ጭምብሉን ባቀርብልህ እጅህን ወደ ኋላ ደበቅክ። ስንፍና ነው አልኩ። ሥራ ጠል ልጅ ወለድኩ ብዬም ለአገር ምድሩ አወራሁ። ከዚህ በላይ አልልም።

ይህን ሁሉ ዘመን በሆድህ ይዘህ ከርመህ ዛሬ ለማያውቀኝ ሕዝብ ትገልጠዋለህ። አባትህን መጀመሪያ ማናገር አይቀድምም ወይ? ጥይት በማዝነብ አይደለም ሰው ከአባቱ ጋር የሚነጋገረው። እህትህ፣ ይህንን እርስዎም ለእሱ አልነገሩትም እኮ አባባ አለችኝ። አንቺ ጻፊ እንጂ አትፍረጂ አልኳት።

አታውጣው። እንዳለ ይሁን። ጠላት የሚለውንም ስም ከፈለግክ ተወው፤ ስም አይነክሰኝም። ነገር ግን ሥራህ ላይ ስሕተት አለና ታርመዋለህ። መዶሻውን አጣድፈኸዋል። እኔ እንደዚያ አልመታም። ሁለት እመታለሁ፤ ከዚያ አንድ ትንፋሽ እቆያለሁ፤ ዘገምተኛውም፣ ሽማግሌውም፣ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠውም ፊቱን እንዲያዞር ነው። ሦስተኛውን የምመታው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስቱን አከታትሎ መምታት ቀጣሪውን የፈራ ጀማሪ ሥራ ነው። ጭስም ይህንኑ ብሏል። ትከሻዬንም ሾፌሩ ቀኙ ነው ያዘነበለው ይላል፤ የእኔ የሚያዘነብለው ግራው ነው። ካሳየህ አይቀር በትክክል አሳይ።

ሌላው፣ ለማንም እንዳታቀልለት። ሥራ ፈት ሁሉ እግሩን ሰቅሎ ሻይ እየጠጣ እንዳያልፈኝ። ይልፋ። ሾፌሩ ለፍቶ ነው የደረሰበት፤ አሁን ሠፈሩን ሁሉ እየጠራ እኔ ያገኘሁት መታጠፊያ ነው እያለ ይኮራል። አፍንጫው ሥር የጮህኩለት እኔ እንደሆንኩ ለማንም አይናገርም።

ስለ መምጣትህ ያልኩትንም አንሥቻለሁ። ና። ግን እንደ ሄድክበት ድምፅህን አጥፍተህ እንዳትገባ። እንግዳ ሁሉ ደወሉን ይጫናል፤ ማን እንደሆነ እስኪነግሩኝ ድረስ እየጠበቅኩ መቀመጥ ሰልችቶኛል። አንተ ደወሉን አትንካ። የአጥሩ በር እኔ የሠራሁት ያው ብረት ነው፤ ቁልፍ ይሁን ድንጋይ ያገኘኸውን ያዝና ምታው። ሁለት፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ አንድ። አንተ መሆንህን ማንንም ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ፊቴን ከአንተ አላዞርም፤ ወደ አንተ ነው የማዞረው። ገብተህ አጠገቤ ተቀመጥና ያ ሰማይ ምን እንደሚመስል አንተው ራስህ ንገረኝ። እህትህ ቀለሙን ስትነግረኝ የልብስ ገበያ ይመስልባታል።

በመጨረሻ እህትህ ከሥሩ የራሴን ሁለት መስመር ልጨምር ብላ ለምናኛለች። ከልክያታለሁ። ከጣቴ አሻራ በታች የተጻፈ ነገር ብታገኝ የእኔ ቃል አይደለምና አትስማው። አሁን እስክሪብቶው ቆሟል፤ በአፍንጫዋ ስትስብ ይሰማኛል። ጉንፋን ነው ትላለች። እኔም አቧራ ነው እል ነበር።

ፈጣሪ እጅህን ይባርከው። የሠራኸው ይሰንብት፤ ያየህ ይውደድህ። ከክፉ ብርሃን ይሰውርህ፤ ዓይንህን እስከ እርጅናህ ይጠብቅልህ። በመንገድህ ላይ ሳያስጠነቅቅ የሚመታ አይግጠምህ። በደህና ግባ።

የተቆጣው አባትህ

ጣቴን እህትህ ይዛ ቦታው ላይ አሳርፋልኛለች። አሻራዬ ከመስመር ወጥቶ እንደሆነ ምንም አይምሰልህ፤ መነፅሬ ሌላ ክፍል ስለነበር ነው።